ደረቅ ወንዝ ውስጥ የቆመው አይሱዙ

መኪና አልነሳ ሲል ሰው ለምን ጎማ እንደሚረግጥ ገብቶኝ አያውቅም። ጎማው ምን አጠፋ? እናንተም ረግጣችሁ ታውቁ ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። የፈራ ሰው እጅና እግሩ ሥራ ይፈልጋል። ራሴን ግን ከፈሪዎች ወገን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ዜና ሳሳድድ የኖርኩ፣ "ይመስለኛል" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እስክሪብቶዬን የምከድን ሰው ነኝ።

አንድ ቀን ከነገሌ ወደ ፊልቱ የምንሄድበት አይሱዙ ደረቅ ወንዝ መሃል ቆመ። ያቆመው ሾፌሩም ባለቤቱም የሆነው ቦሩ ነው። ራዲያተሩ ፈልቶበት ነበርና አሸዋውን ቆፍሮ ውሃ ለመጨመር ሞተሩን አጠፋ። በዚያ አገር ውሃም ጥላም የሚገኘው ወንዙ ውስጥ ስለሆነ ሁሉም እዚያ ይቆማል። ውሃው ተጨመረ፤ ቁልፉ ዞረ። ቀጭ አለ። ሌላ ምንም።

ቦሩ ወርዶ ጎማውን ረገጠ።

እኔና የጭነቱ ባለቤት የሆኑት እናት አዴ ሐሊማ ስንስቅበት፣ አንድ አርቢ ግመሎቹን እያጣደፈ ወንዙን ተሻገረ። የቦረናን ሰላምታ ታውቁ ከሆነ፣ የሰዉ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የግጦሹ ሰላም ተራ በተራ ሳይጠየቅ ማንም ማንንም አያልፍም። ይህ ሰው ግን "ናጋ?" አለና መልስ ሳይጠብቅ፣ ዱላውን ወደ ወንዙ ራስጌ ቀስሮ አለፈን። አናታችን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዱላው በጠቆመበት በኩል ጠቁሯል። ቆላ ላይ ጎርፍ ፀሐይ እያለ ነው የሚመጣው፤ ደጋ ይዘንባል፣ ቆላ ይወሰዳል። እኔን ያርበደበደኝ ግን ደመናው አይደለም፤ የተቆረጠው ሰላምታ ነው።

"እናንተ ውጡ" አለ ቦሩ። "እኔ መኪናዬን ትቼ የትም አልሄድም። ሌላ ምን አለኝ?"

"ጨዌስ?" አሉ አዴ ሐሊማ። "ጎርፍ ከነካው እኮ የሚተርፈኝ ጆንያው ነው!"

ጭነቱ ከጨው ሐይቅ የወጣ፣ ገና ያልደረቀ የከብት ጨው ነበር።

እኔም አልወጣሁም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ብቻዬን መውጣት የባሰ አስፈርቶኝ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ያዝኩ፤ መጠየቅ።

"ባትሪው አሮጌ ነው?"

"አዲስ!"

"መብራት አብራ።" በራ። "አሁን ቁልፉን አዙር።" ቀጭ፤ መብራቱ ድርግም አለ። ባትሪው ደህና ከሆነ፣ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። ባትሪው ያለው ከጭነቱ ሥር፣ ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጽም ጎን ነው። ተንበርክኬ ገመዶቹን ዳሰስኩ። መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ገመድ ጫፉ ይፋጃል። ብሎኑን ስነካው እንደ ብስኩት ተፈርፍሮ እጄ ላይ ቀረ። ከላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ነበር። ቀመስኩት። ጨው።

"አዴ፣ ጨውዎ መኪናዬን በላው!" ብሎ ጮኸ ቦሩ።

"ስትጭን ላስቲክ አንጥፍበት አላልኩህም? አሁን የኔ ጨው ጥርስ አወጣ!"

ትርፍ ብሎን የለም። ብረቱን ፍቀን፣ አንድ ሰው ገመዱን በፒንሳ ሻንሲው ላይ ተጭኖ መያዝ አለበት፤ ቁልፉን የሚያዞረው ቦሩ ነው፣ አዴ ሐሊማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከኋላው ጎማ ፊት ተጋደምኩ፤ ጆሮዬ አሸዋው ላይ ነው። የሚጉረመረመው አሸዋው ነበር ወይስ ልቤ? አላጣራሁም።

"አዙር!"

ብልጭታው ፊቴ ላይ ፈነጠቀ። ሞተሩ ተነሳ። እኔም ጎማው ሳይቀድመኝ ተንከባልዬ ወጣሁ።

ማዶ ዳሩ ላይ ወጥተን ቆመን ጠበቅን። ጎርፉ መጣ። ደረቅ ቅጠል እየገፋ የሚሳብ፣ ከመዳፍ የማይሰፋ ቡናማ ውሃ ነው። መኪናችን ቆሞ የነበረበት ሲደርስ አሸዋው ጠጣው።

አዴ ሐሊማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። ያን ሁሉ ፈርቼ ማስረጃዬ ይሄ ነው?

"ናፍጣው በከንቱ እየነደደ ነው" አለ ቦሩ። "ትንሽ እንረፍ፤ ሞተሩን ላጥፋው?"

"እንዳትነካው!" አልን እኔና አዴ ሐሊማ፣ እኩል።