ዝም በሉ ባዩ አማቼ

በየቤተሰቡ "ዝም በሉ" እያለ የሚጮህ አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት አማቼ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ መነሻና መድረሻ ሲያስታውቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ማጉያው እዚያው ቀረ፤ ድምፁ አብሯቸው መጣ። ሲያንሾካሹኩ ከሐይቅ ማዶ ይሰማል።

ጡረታቸውን ለወፍ ሰጡ። ግንባሩ ነጭ፣ እግሩ ቀይ፣ ጭራው ከቁመቱ የሚረዝም አንድ የውሃ ወፍ አለ፤ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀውታል። በየዓመቱ እኔንና ባለቤቴን አስከትለው አንድ ሐይቅ ዳር ድንኳን ያስተክሉናል። ወፉን ሳናይ ስንመለስ ንግግራቸው አንድ ነው፤ "ዘግይቷል እንጂ አልቀረም።"

ዘንድሮ ነፋሱ ቀድሞን ደረሰ። ክቡርነታቸው ሰማዩን መርምረው አሥር ሰዓት ላይ እንደሚቆም አስታወቁ። አሥር ሰዓት ሆነ። ወደ አሥራ አንድ አዛወሩት። ድንኳኑን ሦስት ጊዜ ነቅለን ሦስት ጊዜ ተከልን፤ መጀመሪያ ለፀሐዩ፣ ቀጥሎ ለነፋሱ፣ በመጨረሻም ለወፉ ክብር ሲባል። ባለቤቴ የብስኩት መጠቅለያ ብትቀድ በገዛ ልጃቸው ላይ ዓይናቸውን አጉረጠረጡ። እኔ አስነጠስኩና ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ይቅርታው ከማስነጠሱ ይብሳል ተባልኩ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዳክዬዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር።

በነጋታው ማለዳ ነፋሱ አንዱን ካስማ ነቀለው። የድንኳኑ ሸራ እንደ ጅራፍ ይጮህ ጀመር። አማቼ ከውሃው ዞረው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ሸራውን ተቆጡት።

"ዝም በል፤ ወፍ ይሰማሃል።"

ያኔ ነው ከጀርባቸው ያረፈው። ግንባሩ ነጭ። እግሩ ቀይ። ጭራውን ነፋሱ ወደ ጎን አጥፎበታል። ሃያ እርምጃ አይርቅም። አፌን ከመክፈቴ ሸራው ደግሞ ጮኸ፤ ወፉ ተነሣ። አማቼ ሲዞሩ ያገኙት ባዶ ውሃ ነው።

እኔ ሃያ ዓመት ያየሁትን በመናገር የኖርኩ ሰው ነኝ።

"አንተ ጋዜጠኛ፣" አሉኝ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ፣ "ወደ ውሃው ታይ ነበር። ያመለጠኝ ነገር አለ?"

ድምፃቸው ከነፋሱ በታች ነበር። እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

"የለም፣ አባባ።"

ዞሬ ባለቤቴን አየኋት። ካስማውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። እሷም አይታዋለች። ጎንበስ ብላ ካስማውን በድንጋይ ትመታ ጀመር።

አማቼ ዘጠኝ ዓመት ለዚያ ወፍ አንድ ባዶ ገጽ ያቆዩበትን ደብተር ከደኑት።

"ዘግይቷል እንጂ አልቀረም" አሉ። ድምፃቸው ወደ ቦታው ተመልሶ ኖሮ፣ ማዶ ያረፉት ዳክዬዎች ሳይቀሩ ተነሡ።

የከርሞውን ካስማ ከአሁኑ ገዝቻለሁ። ረጅሙን።