የእትዬ ጡሩምባ ኪኒን

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቤት ሁሉ አፏ ክዳን የሌለው አንዲት ሴት አትጠፋም። በዚህ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ያሉት ክብርት እትዬ ጡሩምባ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የክር መጋዘን ኃላፊ። "ለማንም እንዳትናገሪ" ብለው ከጀመሩ ዘበኛው ሳይቀር ሰምቷል ማለት ነው። የጸሐፊዋን እርግዝና ባሏ ራሱ የሰማው ከእሳቸው ነው!

እንግዲህ የቁልፍ ሰፊዋን ድንጋጤ ገምቱት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የወሊድ መከላከያ ኪኒኗ ከኪሷ ወደቀ፤ ቀና ስትል እትዬ ጡሩምባ አንስተውታል። ክው አለች። ሦስተኛዋን ስትወልድ ደም ግፊት ሊወስዳት ነበር፤ ሐኪሙም "ሌላ ካረገዝሽ አትተርፊም" ብሏታል። አማቷ ደግሞ ወንድ ልጅ ካልወለድሽ እያሉ ቁም ስቅሏን የሚያሳዩዋት፣ እዚያው ፋብሪካ ልብስ ተኳሽ ናቸው።

ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። "በልጆቼ ይዤዎታለሁ እትዬ! አማቴ ከሰሙ ትዳሬ አለቀለት።"

"እኔ? ምን ቆርጦኝ!" አሉና ኪኒኑን መለሱላት። አላመነቻቸውም።

በማግስቱ ሠራተኛው ስለ አዲሱ የጤና መድን ተሰበሰበ። የአስተዳደር ኃላፊው አነበበ፤ ማዋለድ ይሸፈናል፣ ቀዶ ሕክምና ይሸፈናል፣ መነጽር ይሸፈናል። "የወሊድ መከላከያ ግን የለበትም። በሽታ አይደለማ!" ወንዶቹ ሳቁ።

እትዬ ጡሩምባ ብድግ አሉ። ቁልፍ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች፤ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

"እኔ የምውጠውስ?"

ኃላፊው ወረቀቱ ከእጁ አመለጠው። "እትዬ... እርስዎ?"

"አዎ፣ እኔ! ምን ያስፈጥጥሃል? ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። ስትወልድ ለምትሞት ትከፍላላችሁ፣ እንዳትሞት ለምትውጠው አትከፍሉም? ጻፍ! እዚሁ ፊቴ ጻፍልኝ!"

ኃላፊው ላቡን እየጠረገ "የሠራተኞች ጥያቄ" ብሎ ጻፈ። "የሚደግፍ?" ሲል ሴቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን አወጡ።

"ወይ ጉድ! በስተርጅና!" አሉ አማት፣ ምራታቸውን በክርን እየጎሰሙ።

እስከ ምሳ ድረስ ወሬው ፋብሪካውን አዳረሰው። ጎረምሶቹ "ሰውየው ማን ይሆን?" እያሉ ተንከተከቱ። እትዬ ጡሩምባ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አቀባይ ሳይሆኑ ራሳቸው ወሬ ሆኑ።

ቁልፍ ሰፊዋ መጋዘን ገብታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። "መሳቂያ አደረግኩዎት እኮ፣ እትዬ!"

"ሂጂ ወዲያ! በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሚጠረጥረኝ ከየት ላገኝ?" እንባዋን በመዳፋቸው ጠረጉላት። "ይልቅ የዛሬውን ውጠሻል?"