ጨው የጠጣች ባትሪ

«አላውቅም» ማለት ጾም እንደመግደፍ የሚከብደው ሰው አጋጥሟችኋል? እኔ አጋጥሞኛል። አያ ደምለው እንበለው።

ጣሊያን ደብረ ታቦር በነበረ ጊዜ ነው። ለአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ እንደ በቅሎ የሚቀመጡባት፣ ሣር የምታጭድ መኪና አምጥቶ ነበር። አንድ ቀን እምቢ አለች። አስተርጓሚው መጣና «እስከ ነገ ካልሠራች ሜዳውን በማጭድ የምታጭዱት እናንተ ናችሁ» አለን። ጤፋችን ደግሞ ደርሷል! ማን ሊያጭድልን ነው?

ይኼኔ አያ ደምለው ቀረበ። ሽቦዋን እንደ በሬ ጆሮ ዳበሰ፤ ባትሪዋን አሸተተ።

«ደክማ ነው እንጂ ምንም አልሆነች። ጨው አምጡ!»

«አያ ደምለው፣ ጨው ለመኪና?» አልኩት።

«የደከመ በሬ በምንድን ነው የሚበረታ? ዝም ብለህ አምጣ!»

አሞሌውን ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ፣ ባትሪዋን አጠጣት። በማግስቱ ከጎንደር የመጣው መካኒክ አይቶ ራሱን ያዘ። ለካ የላላች ሽቦ ማጥበቅ ብቻ ይበቃ ኖሯል፤ አሁን ግን ባትሪዋ ሞታለች። እኛም ጤፋችን ማሳ ላይ እየረገፈ የጣሊያንን ሣር ስናጭድ ሰነበትን።

ጣሊያን ሲወጣ አያ ደምለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አውቄ ነው የገደልኳት፤ እኔ እኮ የውስጥ አርበኛ ነበርኩ!»

ይኸው ዛሬ ድግስ ላይ ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ይልለታል። እኔም ለወግ ያህል ብድግ ልል እሞክራለሁ፤ ያን ሣር ያጨደ ወገቤ ግን እንደዚያች መኪና እምቢ ይለኛል።