እስከ መኪናው ድረስ

ሳይጠይቅ የሚረዳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔን እዩኝ!

በዚህ ዕድሜዬ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን ዕቃ ዲዛይን ማድረግ ልማር ኮሌጅ ገባሁ። ለፕሮጀክቴ፣ ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር ለሚኖሩትና በዊልቸር ለሚሄዱት ለእትዬ ጽጌ በር በሪሞት የሚከፍት ማሽን ሠራሁ። ማንም አላሳየኝም፤ እጄ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣም ሲሄድም ካሉበት ሳይነቃነቁ ቁልፏን መጫን ብቻ ነው!»

ሪሞቱን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ በር መክፈትማ መቼ አቃተኝ? ዊልቸሬን አላሳልፍ ያለው ይሄ የበሩ ደፍ ነው። እንግዳዬን እስከ መኪናው መሸኘት ናፈቀኝ። ምነው ብትጠይቀኝ?»

ማሽኔን ነቅዬ ደፉ ላይ ከጣውላ መሻገሪያ ሠራሁ።

ልሄድ ስነሳ «ቆየኝ እንጂ!» ብለው ተከተሉኝ። ጎን ለጎን ሄድን። መኪናዬ ጋ ስንደርስ፣ ምነው ራቅ አድርጌ ፓርክ ባደረግሁ አሰኘኝ።