ሚስታቸውን ለአራተኛ ዙር ያቆዩት ሰው

ከተማ ያለ ከንቲባ ከርሞ ያውቃል። ቡድኑን ከአሠልጣኙ አብልጦ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይኖረው ግን አንድ ቀን አያድርም። ፀጉር አስተካካይ ቤት ይገኛል፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ይገኛል፣ ለቀብር ስትሄዱም ከሬሳው ሳጥን አጠገብ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ለኛ ሰፈር የደረሱን አቶ ኤድመንድ ፕሩሳክ ናቸው። አጥራችን አንድ ነው፤ አርባ አንድ ዓመት ተጎራብተናል። ስለዚህ ለሰፈሩ ከተመደበው ትልቁ ድርሻ የወረደው እኔ ላይ ነው።

ቡድን ስል በእግር የሚመታውን ኳስ ማለቴ አይደለም። የኛ፣ የአሜሪካዋ የበፋሎ ከተማ ሰዎች፣ ኳስ እንቁላል መሳይዋ ናት፤ በክንድ ታቅፈው እየተላተሙ የሚሮጡባት። ደግሞ አቶ ኤድመንድ ጨዋታውን ይወዳሉ ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። ጨዋታው እየተላለፈ ወንበራቸው ላይ ሲያንኮራፉ ስንቴ አይቻለሁ። የሚያነቃቸው ሌላ ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ተሰናበተ፣ ማን በማን ተለወጠ፣ የሚለው ወሬ ነው።

ሌላው ሰው ፋሲካ እስኪገባ ይቆጥራል፤ አቶ ኤድመንድ ፋሲካ እስኪወጣ ይቆጥራሉ። ምክንያቱም በሚያዝያ መጨረሻ ቡድኖቹ ከየዩኒቨርሲቲው አዳዲስ ልጆችን በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል፤ ሰባት ዙር ነው፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሐሙስ የመጀመሪያው ዙር ሲሆን መብራቱ፣ ሙዚቃው፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ እናቱን የሚያቅፈው ልጅ፣ ይህን ሁሉ አገር ቁጭ ብሎ ያያል። እሳቸው ይንቁታል። «ሐሙስ ሰርጉ ነው፤ ትዳሩ ቅዳሜ ነው» ይላሉ። ቅዳሜ ማንም የማያውቃቸው ልጆች፣ የገበሬ ልጆች፣ ስማቸውን አንባቢው የሚያበላሽባቸው ልጆች የሚጠሩበት ቀን ነው። ያን ቀን አቶ ኤድመንድ ስልክ አያነሡም። አንድ ጊዜ የምድር ቤታቸው ቧንቧ ፈንድቶ ውኃው ደረጃውን ሲወጣ፣ ስድስተኛው ዙር ሳያልቅ አልነሣም ብለዋል።

እምነታቸው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያረጀ ተጫዋች አንድ ዓመት ቀድሞ ይሰናበት እንጂ አንድ ዓመት አይዘግይ። ሁለተኛውና ትልቁ፣ በአራተኛ ዙር የሚገኘውን በአንደኛ ዙር መውሰድ ኃጢአት ነው። ይህን ሁለተኛውን ለሬዲዮ ጣቢያው ደውለው ተናግረውታል፣ ለቡድኑ ባለቤት ሦስት ገጽ ጽፈው ልከዋል፣ ለአባ ስታኒስላውም በኑዛዜ ሳጥን ውስጥ ነግረዋቸዋል ይባላል። ከቡድኑ ጽሕፈት ቤት የመጣላቸው መልስ የምስጋና ካርድና መኪና ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነበር። ካርዱን በመስታወት አስገብተው ከፖላንዳዊው ጳጳስ ከዮሐንስ ጳውሎስ ሥዕል በታች ሰቅለውታል። በጣም በታች ግን አይደለም።

ነገሩ ኳስ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ቤታቸው ውስጥ እጀታው የላላ መጥበሻ «ጉዳት ላይ ነው» ተብሎ ጋራዥ ይገባል። ሁለት የበረዶ አካፋ አላቸው፤ አንዱ ቋሚ ተሰላፊ፣ አንዱ ተቀያሪ። አዲስ ረዳት ቄስ ሲመጣልን ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመው፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ቁርባን ላይ ግን እጁ ቀርፋፋ ነው፣ ሦስተኛ ዙር ብለው አለፉ። ልጃቸው ክላውዲያ እጮኛዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያመጣች ቀን እኔም ነበርኩ። ሚስታቸው ዶሎረስ ፒየሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ የፖላንድ ሊጥ ቅቅል በቅቤና በሽንኩርት አቅርባ ሁላችንም ስንበላ፣ ክቡርነታቸው ማንኪያ የወደቀባቸው መስለው ጎንበስ አሉና የልጁን ቁርጭምጭሚት አዩ። ቀና ብለው ለኔ ብቻ፣ «ሰፊ ነው። ይቆያል» አሉኝ። ይኸው ሃያ አራት ዓመት ቆየ።

አሁን ስለ ዶሎረስ ልንገራችሁ፤ ወሬዬ ወደ እሷ ነውና።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጧት እኛ ጡረተኞቹ ቦውሊንግ እንጫወታለን፤ ከባድ ኳስ አንከባሎ ከመስመሩ ጫፍ የቆሙትን አሥር እንጨቶች መጣል ነው። ባልና ሚስቱ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቡድን ተጫውተዋል፤ ማንም መርጧቸው አይደለም፣ መጀመሪያ ቀን የተቀመጡበት ቦታ ላይ ቀሩ እንጂ። ዶሎረስ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ኳሱን በሁለት እጇ ይዛ በእግሮቿ መካከል ትገፋዋለች። ኳሱ በየመንገዱ ሐሳቡን እየለወጠ ይሄዳል። አንዳንዴ ተመልሶ የሚመጣ ሁሉ ይመስለናል። በአንድ ጨዋታ ሰማንያ አራት ነጥብ ብታገኝ ነው። እኔ እንኳ በዚህ ጉልበቴ መቶ ሠላሳ አላጣም።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በወንዙ ማዶ ያለው የቦውሊንግ ቤት ተዘጋና ተጫዋቾቹ ወደኛ መጡ። አራት ቡድን እንደገና መመሥረት ነበረበት። እንዴት እንደልደል ሲባል ማን እጁን እንዳነሣ መናገር አያስፈልገኝም። እንደ ትልቆቹ ቡድኖች በዙር እንምረጥ አሉ አቶ ኤድመንድ፤ አራት ዙር፣ መጨረሻ የወጣው ይቅደም። የቤቱ ባለቤት ከሳቸው ጋር ከመከራከር መምረጡ ያጥራል ብሎ እሺ አለ። ያን ዓመት መጨረሻ የወጣው የሳቸው ቡድን ነበር። የኔ ደግሞ ከሳቸው ቀጥሎ። እኔን አለቃ ያደረጉኝ ሌላ ሰው እምቢ ብሎ ነው።

ሊጀመር ሲል ወደኔ ጠጋ አሉ። ወረቀት ይዘዋል፤ ስሞች በሦስት ቀለም ተጽፈዋል።

«ጄኒ፣ መጀመሪያ ማርቪንን ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። ማርቪን ከማዶ የመጣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ሁለት መቶ ይጥላል። «የኔን ዶሊን በአራተኛው ዙር እወስዳታለሁ። ማን ይወስድብኛል? በነፃ የሚመጣን ነገር በውድ አይገዙትም።»

ሹክሹክታቸው ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ሹክሹክታ ነው። ዶሎረስ ሁለት ወንበር ኋላ ተቀምጣለች። የተሰበረው ደግሞ ዳሌዋ እንጂ ጆሮዋ አይደለም።

ማርቪንን ጠሩ። እኔ በርኒስን ጠራሁ፤ እንደ ወንድ የምትወረውር፣ መቶ ሰባ ስምንት። ሌሎቹ ሁለት አለቆችም መረጡ። ሁለተኛው ዙር መጣ፤ አቶ ኤድመንድ አንድ የፋብሪካ ጓደኛቸውን ጠሩ። ተራው የኔ ሆነ። እኔ ወረቀቴ ላይ ዋልተር የሚባል ሰው ጽፌ ነበር። ከመጥራቴ በፊት ግን ዶሎረስን አየኋት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ከላይ ደራርባ፣ ሰው ሁሉ እስኪያልቅ ለመቀመጥ ተዘጋጅታለች። ጥርስ ሐኪም ቤት ያለች ነው የምትመስለው።

«ዶሎረስ ፕሩሳክ» አልኩ።

አቶ ኤድመንድ ወረቀታቸውን ገለበጡት፣ ከጀርባው ምንም አልነበረም።

«ጄኒ፣ ይሄ ሁለተኛ ዙር ነው።»

«አውቃለሁ፣ ኤድ።»

«ሰማንያ አራት ነው የምትጥለው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ዶሎረስ ተነሣች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በባሏ ፊት ስታልፍ፣ «እግርህን ሰብስብ፤ ወደ ቡድኔ ልሂድበት» አለችው። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ አንገቷ እንዲያ ቀና ብሎ ያየሁት የክላውዲያ ሰርግ ቀን ብቻ ነው።

የዝውውር በሩ፣ ተጫዋች መለዋወጥ የሚፈቀድበት ጊዜ ማለት ነው፣ እስከ ሦስተኛው ማክሰኞ ጧት ድረስ ክፍት ነበር። ይህንንም ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በማግስቱ ማለዳ አጥሩ ላይ ተገኙ። መጀመሪያ የአራተኛ ዙር ሰዋቸውን ሰጡኝ፤ አይሆንም አልኩ። ሁለት ሰው ጨመሩ። ከዚያ ክረምቱን በሙሉ በረንዳዬን ከበረዶ ሊጠርጉልኝ ቃል ገቡ፤ እሱን እኮ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሲጠርጉልኝ ነው የኖሩት። ነገሩ የኔ አይደለም፣ ዶሎረስን ጠይቃት አልኳቸው። ዶሎረስ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ሃምሳ ሦስት ዓመት ሚስትህ ሆኜ ኖርኩ» አለችው፣ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ። «በሁለተኛ ዙር የመረጠኝ ሰው የለም። አንተም ብትሆን የተዋወቅን ቀን ለዳንስ መጀመሪያ የጠየቅከው እህቴን ነው። አልመለስም።»

እህቲቱን መጠየቃቸው እውነት ነው፤ እኔም ዳንሱ ላይ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ስንጫወት እሳቸው አንደኛው መስመር ላይ፣ እኛ አራተኛው ላይ ሆንን። ዶሎረስ ጎንበስ ማለት ስለማትችል ጫማዋን የሚያስሩላት እሳቸው ነበሩ። እኔ ላስርላት ስል ሦስት መስመር አቋርጠው መጡ። ተንበረከኩ፣ አሰሩ፣ ተመለሱ። የራሳቸው ቡድን ቆሞ ይጠብቃል። ማርቪን ጨዋ ሰው ነው፤ «አቶ ፕሩሳክ፣ ተራዎ እኮ ነው» ይላቸዋል ቀስ ብሎ። ሲወረውሩ ኳሱ ከመስመሩ ጎን ያለው ቦይ ገባ። ቡድናቸው ያን ቀን አሸነፈ፣ በሁለተኛውም ማክሰኞ አሸነፈ፤ እሳቸው ግን አንገታቸውን ወደኛ እንዳዞሩ ቀሩ። እኛ በሁለቱም ተሸነፍን። ዶሎረስ አንድ ጊዜ ሰባት እንጨት ስትጥል በርኒስ አቅፋ አዞረቻት፣ ሁላችንም ሳቅን። ከአንደኛው መስመር አንድ ጭብጨባ ተሰማ። ብቻውን ነበር፤ ወዲያው ቆመ።

ዶሎረስ እንደነገረችኝ ቤት ውስጥም ችግር ነው። እራት ላይ፣ ቡድናችሁ እንዴት ነው፣ ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል እያሉ ይጠይቋታል። የቡድን ምሥጢር ነው ትላቸዋለች። ያን ሳምንት ሬዲዮ ጣቢያውም አልደወሉም። አዘጋጁ በአየር ላይ፣ አቶ ኤድመንድ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሦስተኛው ማክሰኞ ጧት የወጥ ቤቴን በር አንኳኩ። ገብተው አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወረቀት አወጡ። አንድ ተጫዋች ላቀርብልሽ ነው አሉኝ። በዓመት በዓመቱ ስለነዚያ የቅዳሜ የገበሬ ልጆች በሚያነቡት ድምፅ አነበቡልኝ።

«ዕድሜ ሰባ ዘጠኝ። ቀኝ ትከሻው አልቋል። ግራ ጉልበቱ ከዝናብ በፊት ያመዋል። መቶ አርባ አንድ ይጥል ነበር፤ ዘንድሮ መቶ ሃያ። ከዚህ በኋላ አይሻሻልም። ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፣ ሲሸነፍ ያኮርፋል። ግፋ ቢል ሁለት ዓመት ቢያገለግል ነው።» ወረቀቱን አጠፉት። «ለሱ ሃሮልድን ብትሰጪኝ እቀበላለሁ። አለቅነቱን ማርቪን እንዲይዘው ተናግሬአለሁ።»

ሃሮልድ የአራተኛ ዙር ሰዬ ነው። ተራው ሲደርስ ከእንቅልፍ የምንቀሰቅሰው። አስቤ እነግርሃለሁ አልኳቸውና በሩን ዘጋሁ፤ ዓይኔን የሚያዩብኝ ስለመሰለኝ።

ቦውሊንግ ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል። ኤድመንድ ፕሩሳክ ወደኔ ቡድን ይምጣ፣ በምትኩ በርኒስ ትሂድ አልኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ለበርኒስ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ ስቃ እሺ ብላለች። የሠላሳ አምስት ዓመት ጎረቤቴ፣ የባሌን ሬሳ በትከሻው የተሸከመ ሰው፣ በሃሮልድ ተለወጠ ተብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ቆሜ ላይ አልቻልኩም።

አቶ ኤድመንድ ሰሌዳውን አዩት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት። ከዚያ መጥተው ከዶሎረስ አጠገብ ተቀመጡ፤ እሷም ቦርሳዋን አንሥታ ቦታ ለቀቀችላቸው። ወደኔ ዞሩ፤ ፊታቸው እንደተቆጣ ነው።

«ጄኒ፣ ተታለሻል። እንዲህ ያለ ዝውውር በሕይወቴ አላየሁም። በርኒስን! ሃሮልድን ስጪ ብዬሽ አልነበር? በዚህ ዓይነት ቡድን ይገነባል?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ያን ያህል አላወጣም እኮ።»

«አንተ ዝም ብለህ ኳስህን አንሣ» አለች ዶሎረስ። «ተራህ ነው።»

ተነሡ። ትከሻቸውን አሹ፣ እንደ ልማዳቸው ኳሱን ደረታቸው ላይ አስጠጉ፣ ወረወሩ። አራት እንጨት ወደቀ። ስድስቱ ቆመው ቀሩ። ዞር ብለው ወደኔ መጡ፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ በጣታቸው ወደ ስድስቱ እንጨቶች አመለከቱና፣

«አየሽ?» አሉኝ።