አርአያው ክንድ

ለሕዝብ ጤና ሲሉ ክንዳቸውን የሰጡ ሰዎች ታሪክ በወርቅ ቀለም ቢጻፍ፣ አቶ ፋላትሴ ከመጀመሪያው መስመር አይወርዱም። ስልሳን የተሻገሩ፣ በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር የአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። ሦስተኛው የኮቪድ ማዕበል ከጆሃንስበርግ በኩል ሲገሰግስ በቢሯቸው ግድግዳ ላይ በቀይ መስመር ይከታተሉት ነበር። መስመሩ በወጣ ቁጥር ወንበር ላይ ቆመው ያሰምራሉ፤ በዚህም ወረዳው ማዕበሉን በቁጥጥር ስር አውሏል ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል።

የአዛውንቶች ክትባት ሲደርስ ሆስፒታሉ መሙላት ጀምሮ ነበር። አዛውንቱ ግን ፈርተው ቤታቸው ቁጭ አሉ፤ የተከተበ ሰው ክንዱ እንደ ማግኔት ማንኪያ ይስባል ተብሎ ተወርቷል። አቶ ፋላትሴ በስብሰባ መካከል ተነሥተው፣ "መሪ ከፊት ነው፤ በሕዝብ ፊት መጀመሪያ የምከተበው እኔ ነኝ" አሉ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ነው አንድ ነገር ትዝ ያላቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ መርፌ ሲመጣ ራሳቸውን ይስታሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረም።

በዕለቱ ለቀብር የሚከራየው ትልቁ ድንኳን ተተከለ። የቤተ ክርስቲያን ደንብ ልብሳቸውን የለበሱ እናቶች ከፊት ተደረደሩ። አቶ ፋላትሴ "ይህ ክንድ የሕዝብ ክንድ ነው" ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ነርሷ ሲስተር ማፑላ ገና እጇን ወደ ሳጥኑ ስትሰድ፣ የሕዝቡ ክንድ ከነባለቤቱ መድረኩ ላይ ተዘረጋ።

ሲነቁ ድንኳኑ ባዶ ነው።

"ሕዝቡስ?"

"ክትባቱ ኃላፊያችንን ዘረራቸው እያለ ሄደ፣ አባቴ። ጭራሽ አልተወጉም ብዬ ልንገራቸው?"

"መርፌ ፈርቶ ወደቀ ልትይ?"

"እውነቱ እሱ ነዋ።"

"እውነት በመዋቅር ነው የሚወርደው፤ አንቺ ዝም በይ።"

የጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ በአስቸኳይ ተቀምጦ የኃላፊውን ክብርና የክትባቱን ክብር መዘነ። ክትባቱ በኮሚቴው ውስጥ ዘመድ አልነበረውም። ስለዚህ "ክትባትን ተከትሎ የደረሰ ከባድ ጉዳት" ተብሎ ለበላይ አካል ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ክትባት ጣቢያው ዝር የሚል አዛውንት ጠፋ፣ ቀዩ መስመርም ኮርኒስ ሊነካ ደረሰ። አቶ ፋላትሴ ከልባቸው አፈሩ፤ ግን እፍረታቸውን ለማንም አልተናገሩም።

ከባድ ጉዳት ከተባለ ደግሞ ይመረመራል። የክትባት ደኅንነት የሚከታተሉ ባለሙያዎች ከፕሪቶሪያ ከተፍ አሉ።

"አይጨነቁ፣ አባቴ" አለቻቸው ወጣቷ ሐኪም በሆስፒታሉ ኮሪደር። "ደም ብቻ ነው የምንወስደው።"

"በምን?"

"በመርፌ ነዋ።"

አቶ ፋላትሴ አጠገባቸው ተቀምጠው የስኳር መድኃኒታቸውን በሚጠብቁት በአሮጊቷ በኮኮ ራይሲቤ፣ በአገሩ ቋንቋ በአያት ራይሲቤ፣ ጭን ላይ ድፍት አሉ።

"መርፌው የታለ?" አሉ ኮኮ ራይሲቤ።

"ገና ከማሸጊያው አላወጣሁትም" አለች ሐኪሟ።

ኮኮ ኃላፊውን አጅባ ወደ መጣችው ሲስተር ማፑላ ዞሩ። "ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር?"

"እንዲሁ ነበር፣ ኮኮ።"

"አዬ ጉድ። በዚህ ሰውዬ ፍርሃት እኔ ቤቴን ዘግቼ ልሞት ነበር እኮ። በይ ጭንቅላቱን አንሺልኝና ክትባቴን ውጊኝ።"

ወሬው ከሰዓት በኋላ በየሚኒባሱ ተሳፈረ። በማግሥቱ የወረዳው አዛውንት እየሳቁ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ፤ ሰልፉ ከግቢው በር አልፎ የተጠበሰ ሊጥ የምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ደረሰ። ቀዩ መስመርም ውሎ አድሮ መውረድ ጀመረ።

የበላይ አካል ግኝቱን በጥልቀት ገመገመ። ክትባቱ እንከን የለበትም፤ በክፍለ ሀገሩ ግን ይህን ያህል ሰልፍ ያመጣ የማስተማሪያ ዘዴ ታይቶ አይታወቅም። በመሆኑም አቶ ፋላትሴ በሁሉም ወረዳ እየተዘዋወሩ በሕዝብ ፊት፣ መርፌው ሳይነካቸው፣ እንዲወድቁ ተወሰነ።

"እሺ፣ እወድቃለሁ" አሉ ኃላፊው ለሲስተር ማፑላ። "ማዕበሉ ግን አስፈርቶኛል። ዓይኔን ልጨፍንና ከጉዞው በፊት ከትቢኝ።"

"አይቻልም፣ አባቴ። መርፌ ከለመዱ አይወድቁም ተብሎ ተከልክሏል።"

የብርዱ ወቅት ከማዕበሉ ጋር ሲያልፍ በወረዳው ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖ ያልተከተበ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም አርአያው ነው።