ጺሙ የሸበተ ተማሪ

ዜማውን ጨረሰ፣ ቅኔውን ተቀኘ፣ አሁን ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ ይማራል፤ ጺሙም ሸብቷል። እንዲህ ያለ ተማሪ አጋጥሟችሁ አያውቅም? ከእኛ ቤት ጀርባ አንድ አለ። ንጉሡ እንጦጦ ከከተሙ ወዲህ ሰው ሁሉ ሹመት ፍለጋ ይህን ጋራ ሲወጣ፣ እሱ አለቅነት ሲሰጡት «አንድ መጽሐፍ ይቀረኛል» ብሎ ይመለሳል። ያ አንድ መጽሐፍ እኮ ዘንድሮም አላለቀም!

መምህሩ ባለቤቴ ነበሩ። የሚያስተምሩት ሁሉ በቃል ነበርና ሲሞቱ ትርጓሜያቸው አብሯቸው የተቀበረ መስሎኝ አነባሁ። በተዝካራቸው ዕለት ተማሪው ሁሉ ወደ ማዕዱ ሲጋፋ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከእሳቸው የሰማውን በቃሉ ያወርዳል።

«አያ ሽበቶ፣ ወጡ አለቀ እኮ!» አሉት ጓደኞቹ።

«ካቋረጥኩ ይጠፋኛል። የኔታን ደግሜ ልቅበራቸው?»

በእንዲህ ያለ ሰው ይሳቃል? እኔ ግን ሳቅሁ። መሀል ላይ ሲደርስ ደረቱን ይዞ ደጋግሞ ሳለ።

«ታመምክ እንዴ ልጄ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ እሜቴ። የኔታን እዚህ ላይ ያስላቸው ነበር።»

«ሳሉም ትምህርት ነው?»

«እኔ በምን አውቄ እዘለዋለሁ? ገና ተማሪ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ መቼ ትጨርሳለህ ብዬው አላውቅም። ያ ሳል በተሰማ ቁጥር፣ ለባለቤቴ አደርግ እንደነበረው፣ ሳላስበው ውሃ በቅል ይዤ እነሳለሁ።

«ልክ ነው እሜቴ» ይለኛል ቅሉን ተቀብሎ። «የኔታም እዚህ ላይ ይጠጡ ነበር።»